ያለ ትምህርት ቤት ሥዕልን መማር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሥዕል ነው። ስለ ሥዕል ስንል በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ስላለው ብቻ ሳይሆን፣ በየደብተራችን የኋላ ገጽ ላይ በእርሳስ ስለሚሣለውም ጭምር ነው። በጅማም ሆነ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትም ሆነ በየቡ፣ ሥዕል የሚሞክር ወጣት የሌለበት ሰንበት ትምህርት ቤት ጥቂት ነው። ወላጆቹ «ይህ እንጀራ አይሆንህም» ይሉታል፤ ጓደኞቹ ያደንቁታል፤ እርሱ ግን የያዘው ነገር አደራ ይሁን ጊዜ ማጥፊያ ለይቶ አያውቅም። በ1950 ዓ.ም. በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የተቋቋመው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ከእኛ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ታዲያ ወደዚያ መሄድ የማይችል ወጣት ምን ያድርግ?

1ኛ. ጸጋው የማን ነው?

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 እግዚአብሔር ለድንኳኑ ሥራ ባስልኤልን በስሙ እንደ ጠራውና የጥበብ መንፈስ እንደ ሞላበት ተጽፏል። በምዕራፍ 35 ደግሞ እርሱና ኤልያብ ሌሎችን ያስተምሩ ዘንድ ልቡና እንደ ተሰጣቸው እናነባለን። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ የእጅ ጥበብ የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ ስጦታው ሲሰጥ ሥራም አብሮ መታዘዙን ነው። ባስልኤል ጥበብን የተቀበለው ሊመሰገንበት ሳይሆን መለኪያ ያለውን፣ ቁመቱና ወርዱ የተነገረውን ሥራ ሊሠራበት ነው። እንግዲህ «ተሰጥኦ አለኝ» ማለት የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም።

2ኛ. ራሱን ያስተማረ ማን ይባላል?

ራሱን ያስተማረ ሠዓሊ ማለት መምህር ያልነበረው ማለት አይደለም፤ መምህሮቹን ራሱ ፈልጎ ያገኘ ማለት ነው።

ከአገራችን ሠዓሊ ለማ ጉያን እንመልከት። የአየር ኃይል ባልደረባ የነበሩት እኚህ ሰው ሥዕልን በአብዛኛው በራሳቸው ጥረት ያዳበሩ ናቸው። ከሁሉ ይበልጥ የታወቁት በፍየል ቆዳ ላይ በሣሏቸው ሥዕሎች ነው። አባቶቻችን መጽሐፍ የጻፉት በብራና ላይ መሆኑን ስናስብ፣ ለማ ጉያ ሩቅ ሳይሄዱ በእጃቸው ያለውን ነገር እንደ ተጠቀሙ እናስተውላለን። በቢሾፍቱ የሥዕል ማሳያ አቋቁመው ብዙ ወጣቶችን አስተማሩ፤ ወንድሞቻቸው ቱሉ ጉያና አሰፋ ጉያም ሠዓሊዎች ሆነዋል። እኚህ አረጋዊ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አረፉ። ያለ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ለሌሎች ትምህርት ቤት ሊሆን እንደሚችል ከእርሳቸው እንማራለን።

ከውጭ አገር ደግሞ ሆላንዳዊው ቪንሰንት ቫን ጎግ አለ። በ1879 እ.ኤ.አ. በቤልጂግ አገር ቦሪናዥ በሚባለው የድንጋይ ከሰል አውራጃ ለማዕድን ሠራተኞች ወንጌል ይሰብክ ነበር። የስብከቱ ሥራ ሳይቀጥልለት ቀረ። በ1880 እ.ኤ.አ. በ27 ዓመቱ ሠዓሊ ለመሆን ቆረጠ። ምን አደረገ? የሥዕል መልመጃ መጽሐፍ አስመጥቶ ገጾቹን ደጋግሞ ቀዳ። ፈረንሳዊው ሚሌ የሣለውን ዘር የሚዘራ ገበሬ እያየ ሣለ። በአቅራቢያው ያሉትን ማዕድን ቆፋሪዎችና ሸማኔዎች ሣለ። አልፎ አልፎም ከሚያውቁት ዘንድ ሄዶ ጠየቀ። የሠራው ዐሥር ዓመት ያህል ብቻ ሲሆን፣ የተወው ሥራ ግን ከሁለት ሺህ ይበልጣል። ቁጥሩ የሚነግረን ስለ ብልህነቱ ሳይሆን ስለ ትጋቱ ነው።

3ኛ. መቅዳት ነውር ነውን?

«ከሌላ ቀድቶ ነው» የሚለው ነቀፋ ብዙ ወጣቶችን ያሳፍራል። የቤተ ክርስቲያናችን የሥዕል ታሪክ ግን ሌላ ያስተምራል። በ1591 እ.ኤ.አ. በሮም ከተማ ወንጌል በዐረብኛ ታትሞ ነበር፤ ሥዕሎቹን ያዘጋጀው አንቶንዮ ቴምፔስታ ይባላል። ይህ መጽሐፍ ወደ አገራችን ገብቶ በጎንደር ዘመን የነበሩ ሠዓሊዎች እንደ ናሙና ተጠቀሙበት። ነገር ግን እንዳለ አልገለበጡትም። ቀለም የሌለውን በቀይና በቢጫ አደመቁት፤ ልብሱን ለወጡ፤ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዞሩት፤ ዐይኑን አጎሉት። በሮም ያለው የእመቤታችን ሥዕልም በኅትመት መጥቶ በሠዓሊዎቻችን እጅ የእኛን መልክ ይዟል።

ስለዚህ መቅዳት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከስልክ ላይ ያገኙትን ሥዕል በወረቀት ሸፍኖ ዳር ዳሩን መከተል ነው፤ ይህ እጅን እንጂ ዐይንን አያሠራም። ሌላው «ይህ ሠዓሊ እጁን ለምን እንዲህ አደረገው? ቢቀየር ምን ይጎድላል?» እያሉ መቅዳት ነው። አባቶቻችን ያደረጉት ሁለተኛውን ነው።

4ኛ. አንድ ሥዕል እንዴት ይሠራል?

ለትምህርታችን የሚሆን አንድ ሥዕል እንውሰድ፤ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20፣ የወይኑ ቦታ ሠራተኞች። ወይን አትክልት ያላየ የጎማ ወይም የሊሙ ልጅ ቡና ለቀማን ግን ያውቃል። ሠዓሊው ታሪኩን ወደ ቡና ማሳ ለማምጣት አሰበ እንበል።

በመጀመሪያ ታሪኩን ሦስት አራት ጊዜ ያንብብ፤ ከዚያም አንዲት ቅጽበት ይምረጥ። ሠራተኞቹ ሲጠሩ ነው? ሲለቅሙ ነው? ወይስ ሲከፈላቸው? የምሳሌው ነገር ያለው በመጨረሻው ሰዓት የመጣው እኩል በተከፈለበት ላይ ነውና ክፍያውን ይምረጥ።

ሁለተኛ፣ በትንንሽ ወረቀት አምስት ስድስት አቀማመጥ ይሞክር። ሦስተኛ፣ ወጥቶ ይመልከት። የለቃሚ ጣት እሸቱን ከቅርንጫፉ እንዴት እንደሚነጥል፣ ቅርጫቱ በወገብ ላይ እንዴት እንደሚንጠለጠል፣ ጀንፈል በአልጋ ላይ ሲሰጣ ሰው ወገቡን እንዴት እንደሚያጎነብስ ይሣል። ገንዘብ ከሌለው ከሰል አለ፤ ወፍሮ የተፈላ ጥቁር ቡናም በብሩሽ ሲቀባ ጥሩ ቡናማ ጥላ ይሰጣል።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ይገጥመዋል። በብዙ የቡና እርሻ ለቃሚ የሚከፈለው በኪሎ ነው። ሚዛኑን በሥዕሉ መካከል ቢያኖረው፣ ምሳሌው ይፈርሳል፤ ባለቤቱ የከፈለው በሚዛን አይደለምና። ሚዛኑን ፈጽሞ ቢተወው ደግሞ ያካባቢው ሰው የሚደነቅበት ነገር ይጠፋል። እንግዲህ ሚዛኑ ከባለቤቱ ጀርባ ባዶውን ተሰቅሎ ይታይ። ተመልካቹ አይቶ «ለምን አልመዘነም?» ይላል፤ ትምህርቱም ከዚያ ይጀምራል።

ሌላም ጥያቄ አለ። በአገራችን የሥዕል ሥርዐት ቅዱሳን ሁለት ዐይናቸው ይታያል፤ ከሓዲዎችና አጋንንት ግን በጎን፣ በአንድ ዐይን ይሣላሉ። ያጉረመረሙት ሠራተኞች በየትኛው ይሣሉ? ባለቤቱ ከመካከላቸው አንዱን የመለሰለት «ወዳጄ» ብሎ ነው። ወዳጅ የተባለውን እኛ ጠላት ልናደርገው አይገባም፤ ፊቱ ሙሉ ይሁን፣ እጁ ግን ይጨበጥ። ሠዓሊ መጽሐፍን በጥንቃቄ ካላነበበ በአንዲት መስመር ሐሰት ሊያስተምር ይችላል።

በመጨረሻ ሥዕሉን ታሪኩን ለማያውቅ ልጅ አሳይቶ «ምን ታያለህ?» ይበል። ልጁ ካልገባው የሚታረመው ልጁ ሳይሆን ሥዕሉ ነው።

5ኛ. በስቴንስል ላይ ስለ መሣል

የእኛ መጽሔት የሚባዛው በስቴንስል ስለ ሆነ ይህም ይታወቅ። ቀለሙ የሚያልፈው ብዕሩ ሰሙን በፋቀበት ነው። ሰፊ ቦታ ለማጥቆር ቢፋቅ ይቀደዳል፤ መስመሮች በጣም ቢቀራረቡም ይፈርሳሉ። ስለዚህ ጥላ የሚሠራው በተራራቁ ቀጫጭን መስመሮች ነው። ሥዕሉ አስቀድሞ በወረቀት ያልቅና በስቴንስሉ ሥር ተደርጎ ይገለበጥ፤ ስቴንስል ላይ ማሰብ አይቻልምና። ይህ ችግር መምህርም ነው፤ የማያስፈልገውን መስመር መተው ያስተምራል።

6ኛ. ስለ ሥራና ስለ ዋጋ

ሁለት ነገር እናስጠንቅቅ። ለትምህርት የሚሣል ሥዕልና ለጸሎት የሚቆም ቅዱስ ሥዕል አንድ አይደሉም። ቅዱስ ሥዕል ሥርዐት አለው፤ ራሱን ያስተማረ ወጣት ከአባቶች ሳይማርና ሳይፈቀድለት አይሞክረው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1426–1460 ዓ.ም.) የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን፣ ሥራው በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ እስከ ዛሬ ይገኛል፤ እንዲህ ያለው እጅ በሥርዐት ውስጥ ያደገ ነው።

ሁለተኛው፣ የሠዓሊ ድካም ድካም ነው። ለማኅበሩ በነጻ መሥራት በረከት ነው፤ ሱቁን በነጻ ካልጻፍክልኝ ብሎ ማስቀየም ግን ግፍ ነው። ወጣቱም ሥዕሉን ከሌላ ሥራ ጋር አስማምቶ ይያዝ። ለቀማው ሲደርስ ይልቀም፤ ማታ አንድ ገጽ ይሣል። ለማ ጉያም ሥዕልን የያዙት በአየር ኃይል ሥራ ላይ ሳሉ ነበር። ወላጆች ሆይ፤ «እንጀራ አይሆንም» ከማለታችሁ በፊት ደብተሩን ገልጣችሁ ተመልከቱለት።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. ባስልኤል ከተሰጠው ጥበብ ጋር ምን ታዘዘ?
ለ. በሚያስተምርና በማያስተምር መቅዳት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
ሐ. የጠፋውን በግ ምሳሌ በሰፈራችሁ መልክ ብትሥሉ የትኛዋን ቅጽበት ትመርጣላችሁ? ለምን?
መ. በክፍላችሁ የሚሥል ወጣት ካለ፣ ማኅበሩ በምን ሊረዳው ይችላል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።