አንድ ጠብታ ሽንት ምን ይነግረናል?

እኛ እጩ መምህራን ትምህርታችንን ጨርሰን ከብስራተ ገብርኤል ስንወጣ ምድባችን ጣና ወይም ዝዋይ ሐይቅ ዳር ሊሆን ይችላል። እዚያ የሚዋኝ ተማሪ በአንጀት ቢልሃርዚያ ሊያዝ ይችላል። “ሰገራ አምጣ” ሲባል ግን ያፍራል፤ ጓደኞቹም ይስቁበታል። ታዲያ ሌላ መንገድ የለም ወይ? አለ።

በተለመደው ምርመራ ባለሙያው 42 ሚሊ ግራም ያህል ሰገራ ወስዶ የትሉን እንቁላል በማይክሮስኮፕ ይቆጥራል። እንቁላሉ ጥቂት ከሆነ ግን ያመልጠዋል።

ትሉ በደም ሥር ውስጥ ሆኖ ደም ይመገባል፤ ከሆዱም አንቲጅን የሚባል ነገር ወደ ደማችን ይተፋል። ኩላሊትም አጣርቶ በሽንት ያስወጣዋል። ስለዚህ ጠብታ ሽንት በመመርመሪያው ላይ ተደርጎ 20 ደቂቃ ያህል ሲቆይ ሁለተኛ መስመር ከወጣ ትሉ አለ ማለት ነው። መርፌ የለ፣ ደም መቅዳት የለ! መስመሩ ከደበዘዘ ግን ያጠራጥራል፤ ፍርዱን ለጤና ባለሙያ እንተው።

በአዋሽ ሸለቆ የሚገኘው የፊኛ ቢልሃርዚያ ደግሞ ሌላ ነው፤ ዋናው ምልክቱ ደም የቀላቀለ ሽንት ነው።

የእኛ ድርሻስ? ተማሪ “ሽንቴ ደም ሆነ” ሲለን አንሳቅ፤ ወደ ጤና ጣቢያ እንላከው። አንዴ ያሳፈርነው ልጅ ሁለተኛ አይነግረንም።