በፈላ ውሃ ብቻ ስለሚሠራ ገንፎ



በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ጠፈርና ስለ ታላላቅ ሰዎች የሚጽፉ ጓደኞች ስላሉኝ፥ እኔ ስለ ገንፎ ለመጻፍ ስነሣ የሚስቅብኝ አይጠፋም። ነገር ግን በባዶ ሆድ የሒሳብ ትምህርት መከታተል ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚያውቅ ሰው አይስቅም ብዬ አምናለሁ።

እኔና የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ታናሽ ወንድሜ ከደብረ ብርሃን ወጣ ካለ ገጠር መጥተን፥ በከተማው አንዲት ክፍል ተከራይተን እንማራለን። እናታችን በየሳምንቱ ቅዳሜ ስንቅ ትልክልናለች። እንጀራው እስከ ማክሰኞ ደኅና ነው፤ ረቡዕ ይደርቃል፤ ሐሙስ ይሻግታል። ከዚህም የተነሣ ባለፈው ዓመት ሐሙስ ሐሙስ ቁርስ ሳንቀምስ እንሄድ ነበር። አንድ ቀን ወንድሜ በክፍል ውስጥ እንቅልፍ ወስዶት ከክፍል መውጣቱን ሰማሁ። ልጁ ያንቀላፋው ግን ከስንፍና ሳይሆን ከረኀብ ነበር። ታላቁ እኔ ስለ ሆንሁ ነገሩ በጣም አሳፈረኝ።

ለከሰል የሚተርፍ ገንዘብ የለንም፤ በክፍላችንም የኤሌክትሪክ ምድጃ መጠቀም አይፈቀድም። አከራያችን ግን ደግ ሴት ስለ ሆኑ ማለዳ ለሻይ ውሃ ሲያፈሉ አንድ ፔርሙስ ሞልተው ይሰጡናል። ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ሆነ፤ በአንድ ፔርሙስ የፈላ ውሃ ምን ዓይነት ምግብ ሊሠራ ይችላል? በሱቅ የሚሸጠውን፥ የፈላ ውሃ ብቻ የሚፈስበትን የታሸገ አጃ ጠይቄ ነበር፤ የአንዱ ካርቶን ዋጋ ግን ከሳምንት ወጪያችን ይበልጥ ነበር።

በመጀመሪያ ጥሬ የገብስ ዱቄት በሳሕን አድርጌ የፈላውን ውሃ አፈሰስሁበት። ወዲያው ጓጎለ፤ እያንዳንዱም ጓል ሲሰበር ውስጡ ደረቅ ዱቄት ነበር። ወንድሜ ግን ተርቦ ስለ ነበር በላው፤ ከሰዓት በኋላም ሆዱን አመመው። በሁለተኛው ቀን ዱቄቱን አስቀድሜ በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ለወስሁት። ጓሉ ጠፋ፤ የጥሬ ዱቄት ጣዕሙ ግን አልጠፋም።

ቅዳሜ ወደ ቤት ሄጄ ነገሩን ለእናቴ ስነግራት ከት ብላ ሳቀች። «አንተ ልጅ፥ እሳት ያላየ ዱቄት በውሃ ብቻ ይበስላል ብሎ ማን ነገረህ? በሶ ለመንገደኛ የሚሰነቀው ለምን ይመስልሃል?» አለችኝ። በሶ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ምግብ ነው። ነገር ግን የገጠር ምግብ ነው ተብሎ እንዳይሳቅብኝ ወደ ከተማ ይዤው አልመጣሁም ነበር።

አሁን ምክንያቱን ላስረዳ። በእህል ውስጥ ስታርች የሚባል ነገር አለ። ስታርች ከውሃ ጋር ሆኖ ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ውሃውን እየመጠጠ ያብጣል፤ ገንፎን ገንፎ የሚያደርገውም ይህ ነው። በደረቅ ዱቄት ላይ የፈላ ውሃ ሲፈስ የውጭው ዱቄት ወዲያው አብጦ እንደ ሙጫ ስለሚዘጋ ውሃው ወደ ውስጥ አይገባም፤ ጓል የሚፈጠረው በዚህ ነው። ደግሞም ውሃው ከሳሕኑና ከዱቄቱ ጋር ሲገናኝ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ ውሃችን የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ከፔርሙስ የፈሰሰ ውሃ ጥሬውን ዱቄት በሚገባ ለማብሰል አቅም ያንሰዋል። የተቈላ እህል ግን አስቀድሞ በምጣድ ላይ የበሰለ ነው፤ ከውሃው የሚጠበቅበትም ማራስና ማሞቅ ብቻ ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ሦስት እጅ ገብስና አንድ እጅ ሽምብራ ይወሰዳል። ገብሱ ተለቅሞ፥ ውሃ ርከፍከፍ ተደርጎበት፥ በሙቀጫ ይሸከሸካል፤ ገለባውም በሰፌድ ይበጠራል። ከዚያ በኋላ በምጣድ ላይ፥ በመካከለኛ እሳት፥ ሳያቋርጡ እያገላበጡ መቍላት ነው። መዓዛው ሲያውድና ፍሬው በጥርስ ሲሰበር እንደ ቆሎ ቀጭ ሲል ይበቃዋል። ካረረ ይመራል፤ ከምግብነቱም ይጐድላል። ሽምብራው ለብቻው ተቈልቶ ይከካል፤ ቅርፊቱም ይወገዳል። ሁለቱ በአንድነት ከጥቂት ጨው ጋር ይፈጫሉ፤ ዱቄቱም በወንፊት ይነፋል። ዱቄቱ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ በዕቃ ከተዘጋበት ስለሚያልበው ይበላሻል፤ ቀዝቅዞ በደረቅ ጣሳ ከተከደነ ግን እንደ እንጀራው በሳምንት ውስጥ አይሻግትም።

ሲሠራም ግማሽ ብርጭቆ ዱቄት በሳሕን ይደረግና በሁለት ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ይለወሳል። አንድ ብርጭቆ አሁኑኑ የፈላ ውሃ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ በፍጥነት ይማሰላል። ከዚያም ተከድኖ፥ በጋቢ ተጠቅልሎ አምስት ደቂቃ ይቈያል። ቀጠን እንዲል የሚፈልግ ግማሽ ብርጭቆ ይጨምርበት። በፍስክ ቀን ጥቂት ቅቤ፥ በጾም ቀን የተቈላ የተልባ ዱቄት ቢጨመርበት እጅግ ይጣፍጣል።

ሽምብራው የገባው ለጣዕም ብቻ አይደለም። በገብስ ውስጥ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ጥቂት ነው፤ በሽምብራ ውስጥ ግን በቂ አለ፤ ስለዚህ አንዱ የሌላውን ጕድለት ይሞላል። ይሁን እንጂ ይህ ገንፎ ብቻውን የቀን ሙሉ ምግብ አይደለም፤ ጎመንና ፍራፍሬ በተገኘ ጊዜ መብላት ያስፈልጋል።

ይህንን ጥበብ የያዝነው እኛ ብቻ አይደለንም። የቲቤት ደገኞች የተቈላ የገብስ ዱቄት ጻምፓ ብለው ከሻይ ጋር ለውሰው ይመገባሉ፤ የካናሪ ደሴቶች ሰዎችም የተቈላ እህል ዱቄት ጎፊዮ ብለው ይበላሉ። ማገዶ በሚቸግርበትና ረጅም መንገድ በሚኬድበት ሁሉ ሰው አንድ ጊዜ ቈልቶ ብዙ ቀን መብላትን ተምሯል ማለት ነው።

እኔ ከዚህ ጥናት የተረዳሁት ዋና ነገር ግን ሌላ ነው። ፈጥኖ የሚደርስ ምግብ ያልተለፋበት ምግብ አይደለም፤ አስቀድሞ የተለፋበት ነው። ሐሙስ ጧት በአምስት ደቂቃ የምንበላው ገንፎ፥ ቅዳሜ እናቴ በጢስ መካከል ሁለት ሰዓት የቆመችበት ነው። ይህንን ካወቅሁ በኋላ ዝም ብዬ መቀበል ከበደኝ። መቍላት የሴት ሥራ ነው የሚሉ የሰፈራችን ልጆች ቢስቁብኝም፥ አሁን ወደ ቤት በሄድሁ ቍጥር በምጣዱ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ፤ እናቴ ተቀምጣ «አገላብጠው፥ እንዳያርብህ!» ትለኛለች። የመጀመሪያውን አሳርሬባታለሁ፤ ሁለተኛው ግን ደኅና ወጣልኝ።

ወንድሜ በዚህ ዓመት ሐሙስ ዕለት በክፍል ውስጥ አላንቀላፋም። እንደኛ ስንቅ ይዛችሁ የምትማሩ ጓደኞቼም ሞክሩት፤ ያላችሁበትን ክፍል አንኳኩቶ ለሚጠይቅ የተራበ ጓደኛም አንድ ማንኪያ ጨምሩ።