ስለ አትክልት፤ ባዶ ጓሮን የፍቅርና የዕረፍት ቦታ ስለ ማድረግ

ጓሮ የቤት ጀርባ ነው እየተባለ በብዙ ከተሞች የጥራጊ መጣያና የአሮጌ ቆርቆሮ ማከማቻ ሆኖ ይቀራል። ዳሩ ግን ባልና ሚስት ከቀን ሥራቸው በኋላ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚጫወቱበትን፤ ሽማግሌ የሚያርፍበትን ቦታ ለማበጀት ሰፊ መሬትም ብዙ ገንዘብም የግድ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ትዕግሥትና የውሃን ዋጋ ማወቅ ነው።

አሥመራ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስትሆን የዓመቱ ዝናብዋ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። ስለዚህ በእርሷና አየራቸው እርሷን በሚመስል የደጋ ከተሞች አትክልት ሊተክል የሚያስብ ሰው ከአበባው አስቀድሞ ስለ ውሃው ሊያስብ ይገባዋል። ውሃ ከሩቅ በሚቀዳበት ቤት የማጠጣቱ ድካም በእንስራ ተሸካሚዋ ላይ የሚወድቅ ከሆነ ጓሮው ለአንዱ ደስታ፤ ለሌላዋ ሸክም ይሆናል።

በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። እንግዲህ 40 ካሬ ሜትር በሆነ የቆርቆሮ ጣራ ላይ 10 ሚሊሜትር ቢዘንብ፤ ከሚባክነው ጥቂት በቀር፤ ባለ 200 ሊትር ሁለት በርሜል ይሞላል። በርሜሉ ግን በጥብቅ መከደን አለበት። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2012 በጂቡቲ፤ በ2016 በኢትዮጵያ የተገኘች ሲሆን በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ትራባለችና፤ በተለይ በቆላ ያሉ ሰዎች ሊጠነቀቁ ይገባል። በረኪና ያልገባበት የዕቃ እጣቢም ለዛፍና ለሐረግ ሥር ይጠቅማል።

ሥራው በሚከተለው ተራ ቢፈጸም ይቃናል።

1ኛ፤ በግንቦት ጓሮው ተጠርጎ ጉድጓድ ይቆፈራል። ለአንድ ሐረግ ወይም ቁጥቋጦ ወርዱም ጥልቀቱም 60 ሳንቲሜትር ይበቃል። የላዩ ለም አፈር ለብቻ ተቀምጦ በሚገባ ከበሰበሰ ፍግ ጋራ ተደባልቆ ይመለሳል። ትኩስ ፍግ ሥርን ያቃጥላል።

2ኛ፤ መንገዱ ጠመም ብሎ ይቀየስ። መጨረሻው በአንድ ጊዜ የማይታይ ጓሮ ጠባብም ቢሆን ሰፊ መስሎ ይታያል። በመንገዱ ጫፍ የድንጋይ መደብ ይሠራ፤ በላዩም የሐረግ ዳስ ይቁም። የዳሱ ምሰሶዎች ምስጥ እንዳይበላቸው ከመሬት ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ ይቀመጡ።

3ኛ፤ ዝናቡ ሲጸና፤ በሐምሌ መጀመሪያ ይተከላል። ፀሐይ ለሚመታው ግንብ የሚሻለው ቡጋንቪላ ነው። ይህ ተክል ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ሲሆን ከቁራጭ ይራባል። አበባ የሚመስለው ባለ ቀለም ክፍሉ ቅጠል ነው፤ እውነተኛው አበባ በመካከሉ ያለው ትንሹ ነጭ ነው። ከሥር ከሰደደ በኋላ ውሃ ሲበዛለት ቅጠል ያበዛል፤ አበባ ያሳንሳል። እሾኽ ስላለው ከመንገድ ይራቅ። በመቀመጫው አጠገብ ግን ተምበለል ይተከል፤ ነጭ አበባው በምሽት ጎልቶ ይታያል፤ ሽታውም ጣፋጭ ነው። በእግሩ ሥር ጤና አዳም፤ በሶብላና ጦስኝ ቢደረደሩ ሽታውን ያሟላሉ፤ ለማእድ ቤትም ይሆናሉ። ለአጥር የአገሩ ጽጌረዳ የሆነው ቀጋ ይበቃል፤ እሾኹ ከብት ይከለክላል፤ ፍሬው ይበላል።

4ኛ፤ በመስከረም ዝናቡ ሲያቆም የተክሎቹ ሥር በደረቅ ሣርና በገለባ ይሸፈን፤ ግንዱን ግን አይንካ። እርጥበቱ ይቆያል። ጠዋት ወይም ማታ፤ ዘወትር ጥቂት ጥቂት ከማርከፍከፍ ይልቅ አልፎ አልፎ አጥብቆ ማጠጣት ሥሩን ወደ ታች ይስበዋል።

ውበቱን ብቻ አይቶ መትከል ግን አደጋ አለው። ኦሊያንደር የተባለው ባለ ሮዝ አበባ ቁጥቋጦ ከሥሩ እስከ ቅጠሉ መርዝ ነው፤ ሕፃናትና ፍየሎች ባሉበት ቤት አይተከል፤ እንጨቱም ለማገዶ አይሁን። የወፍ ቆሎ የሚባለውም ለጌጥ ከውጭ አገር መጥቶ ዛሬ የግጦሽ መሬት የወረረ አረም ሆኗል፤ ዘሩን ወፎች ስለሚያዳርሱት የከተማው ሰው ጌጥ የገበሬውን ከብት እስከ መግደል ይደርሳል። ባሕር ዛፍም ውሃን አጥብቆ ስለሚስብ ለትንሽ ጓሮ አይስማማም።

በመጀመሪያው ዓመት መላውን ጓሮ ለመሸፈን መሞከር ከንቱ ድካም ነው። መደቡን፤ አንድ ተምበለልንና አንድ ቡጋንቪላን በመልካም አያያዝ ለበጋው ያደረሰ ሰው፤ ምን ያህል በርሜል ውሃ እንደ ጨረሰ ቆጥሮ የሚቀጥለውን ዓመት ተከላ በዚያው ልክ ይወስን። ጓሮውም ከቤቱ ውሃ ሳይሻማ ከዓመት ወደ ዓመት ይሰፋል።