ምዕራፍ ሰባት፦ ስለ ባልና ሚስት ቪዛ፣ ስለ ወረቀቱና ስለ ቃለ መጠይቁ

ከደብረ ሲና ተነሥቶ የጣርማ በርን ዳገት የወጣ መንገደኛ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በሚበልጠው በዚያ ከፍታ ላይ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ፈልፍሎት ወደ ሄደው ዋሻ ከመግባቱ በፊት፣ ጉሙ መንገዱን ከዓይን ይሰውረዋልና፣ ሾፌሩ ምንም እንኳ ዘወትር የሚመላለስበት መንገድ ቢሆን፣ መብራቱን አብርቶና ፍጥነቱን ቀንሶ እንደ እንግዳ ሰው በጥንቃቄ ይነዳል። በዚሁ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ከሚጓዙት መካከል፣ ባሏ በአሜሪካ የሚኖር፣ እርሷ ግን በእናቷ ወይም በአማቷ ቤት ሆና የቪዛ ቀጠሮ የምትጠባበቅ ሴት አትታጣም፤ ሚስቱ ባሕር ማዶ ያለችበት ባልም እንዲሁ። ይህንን ምዕራፍ የምጽፈው ለእነርሱ ነው። የምለውም አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም እውነተኛ ትዳር ያለው ሰው ውሸት ማጥናት አያስፈልገውም፣ ነገር ግን እውነቱን በወረቀትም በቃልም አንድ አድርጎ ማሰናዳት ይገባዋል።

በር ላይ ቆሞ መጠየቅን እንደ ውርደት የሚቈጥሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። ይሁን እንጂ ይህ ሥርዓት ለሸዋ ሰው ባዕድ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ ወደ አንኮበር ሲመጣ፣ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ፈቃድ እስኪደርሰው ድረስ ከቆላው መቆየት ግድ ሆኖበት ነበር፤ ንጉሡ ሳያውቅ የውጭ ሰው ዳገቱን አይወጣም ነበርና። ዛሬ ተጠያቂዎቹ እኛ ስለ ሆንን ጥያቄው ራሱ ነውር አልሆነም።

የጕዳዩ አካሄድ እንዲህ ነው። ባል የአሜሪካ ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት ሲሆን አይ-130 የተባለውን ማመልከቻ ለአገሪቱ የዜግነትና የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ያቀርባል፤ ሰዎቻችን «ፕሮሰስ ጀመረልኝ» የሚሉት ይህንን ነው። ማመልከቻው ሲጸድቅ መዝገቡ በኒው ሃምፕሸር ግዛት በፖርትስመዝ ከተማ ወዳለው ብሔራዊ የቪዛ ማእከል ይተላለፋል፤ በዚያም 325 ዶላር ለቪዛው፣ 120 ዶላር ደግሞ ለድጋፍ ሰነዱ ተከፍሎ፣ ዲኤስ-260 የተባለው ቅጽ ተሞልቶና ሰነዶቹ በኢንተርኔት ተልከው ሲሟሉ፣ በእንጦጦ መንገድ በሚገኘው በአሜሪካ ኤምባሲ የቃለ መጠይቅ ቀን ይቈረጣል። ባልየው ዜጋ ከሆነ ለሚስቱ የቪዛ ቍጥር ተራ አይጠበቅም፤ የግሪን ካርድ ባለቤት ብቻ ከሆነ ግን የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤታቸው በየወሩ በሚያወጣው ሠሌዳ ላይ ተራ መጠበቅ አለ። ሕጉም ክፍያውም ይለዋወጣል፤ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ በመጣ ጊዜ መደበኛው የቪዛ አገልግሎት በዓለም ዙሪያ በድንገት ሲቋረጥ እንደ ታየው፣ የተቈረጠ ቀጠሮም ሊሰረዝ ይችላልና፣ ቪዛው በእጅ ሳይገባ ከብት መሸጥና ሥራ መልቀቅ አይገባም።

ከዚሁ ጋር ብዙ እናቶችን ያስለቀሰ ነገር አለ። ዜጋ የሆነ ሰው ለሚስቱ ሲያመለክት ልጇ በእርሷ መዝገብ ተከትሎ አይሄድም፤ ለልጁ ለብቻው ሌላ አይ-130 መቅረብ አለበት፤ የእንጀራ ልጅ ከሆነም ጋብቻው የተፈጸመው ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው መሆን ይኖርበታል። አመልካቹ የግሪን ካርድ ባለቤት ሲሆን ግን ያላገባና ከ21 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በእናቱ መዝገብ ሊካተት ይችላል። ይህንን ከመጀመሪያው ቀን ያልጠየቀች እናት በመጨረሻው ቀን ልጇን ለአያቱ ትታ ለመሄድ ትገደዳለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ከጣርማ በር ወረዳ የመጣች አንዲት ሙሽራ ወረቀቶቿን ከፌስታል አውጥታ በፊቴ ዘረጋቻቸው። ባሏ በ2009 ዓ.ም. በዲቪ ሲሄድ «አላገባሁም» ብሎ ምሎ ነበር፤ እውነቱም ይኸው ነበር። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና በደረሰ ጊዜ የእርሷ ቤተ ሰብ ቤቱን ጥሎ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸ፤ በዚያው ዓመት ለገና ዲያስፖራው ወደ አገሩ እንዲገባ በተጠራ ጊዜ ባልየው መጥቶ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ የጥር ሥላሴ ማግስት ማለት ጥር 8 ቀን 2014 ዓ.ም. በዚያው በደብረ ብርሃን ተጋቡ። ይህ ቀን በፈረንጅ አቈጣጠር ጃንዋሪ 16 ቀን 2022 ነው። ገንዘብ ተቀብሎ ቅጹን የሞላላት ጸሐፊ ግን ጥርን ጃንዋሪ ብሎ፣ ቀኑንና ዓመቱን እንዳለ ትቶ፣ «ጃንዋሪ 8 ቀን 2014» ብሎ ጻፈው። እንግዲህ አንባቢዬ ያስተውል፤ በዚህ ቅጽ መሠረት ባልየው ወደ አሜሪካ ከመግባቱ ከሦስት ዓመት ያህል በፊት ባለ ትዳር ነበር፤ በዲቪው ጊዜ የማለውም መሐላ ሐሰት ሆነ ማለት ነው። ቅጹን ቃል በቃል እየተረጐምሁ ባነበብሁላት ጊዜ ሴትዮዋ እጇን ባፏ ላይ ጭና «ኧረ አባቴ፣ ያን ጊዜ እኮ እኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርሁ!» አለች።

ስሕተቱን በቀጠሮዋ ዕለት ራሷ አስቀድማ በመስኮቱ ላይ ተናገረች፤ የጋብቻ የምስክር ወረቀቷ ትክክለኛውን ቀን ይዞ ነበርና ተስተካከለላት። በዲኤስ-260 ላይ የተገኘን ስሕተት ለቆንስላው ሹም ነግሮ ማሳረም የተፈቀደ ነው፤ ሹሙ ራሱ አግኝቶት ሲጠይቅ የሚሰጥ ማብራሪያ ግን፣ እውነት እንኳ ቢሆን፣ የመከላከያ መልክ ይይዛል። ስለዚህ ቀንን ሁሉ ወደ ፈረንጅ አቈጣጠር የሚመልስ ሰው ባሕረ ሐሳብን በሚያከብር ሰው ጥንቃቄ ይመልሰው። ጥምቀት፣ ጥር 11 ቀን፣ በአብዛኛው ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል፤ ነገር ግን ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት ማግሥት፣ እንደ 2012 እና እንደ 2016 ባለው ዓመት፣ ጃንዋሪ 20 ይሆናል። አሜሪካኖች ደግሞ ወርን ከቀን አስቀድመው ይጽፋሉ። የቀጠሮው ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ በደብዳቤው ላይ «8:00» የሚለው ጧት ሁለት ሰዓት ማለት ሲሆን፣ በእኛ ቈጥሮ ከቀኑ ስምንት ሰዓት የሚደርስ ሰው ከስድስት ሰዓት በኋላ ይደርሳል። ከደብረ ሲና አዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና፣ ዋዜማውን እዚያው ማደር ይሻላል።

የስምም ነገር እንደ ቀኑ ነው። በእኛ ፊደል «ሀ»፣ «ሐ»ና «ኀ» በድምፅ አንድ ሆነው በጽሕፈት ይለያያሉ፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ግን «ፀሐይ» የምትባለዋ አንዲት ሴት ሦስት ሰው ልትመስል ትችላለች። እንደ «ገብረ ማርያም» ያለው ስም በአንዱ ወረቀት ተለያይቶ፣ በሌላው ተጋጥሞ ይገኛል። ከዚህም ሁሉ የሚከፋው የክርስትና ስም ነው፤ የአብነት ያህል፣ በቤተ ክርስቲያን የጋብቻ ወረቀት ላይ «ወለተ ሥላሴ» ተብላ የተጻፈች ሴት በፓስፖርቷ «አስካለ» ብትሆን፣ ለካህኑ ግልጥ የሆነው ነገር ለቆንስላው ሹም ሁለት ሙሽራ ይሆንበታል። ወረቀቶቹ ሁሉ ፓስፖርቱን ይከተሉ፤ የማይስተካከለው ደግሞ ልዩነቱን የሚገልጥ ማስረጃ ይኑረው።

ጋብቻውም በመንግሥት መዝገብ የሰፈረ መሆን አለበት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፣ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. ያወጣው፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል የሚፈጸመውን ጋብቻ ሁሉንም ያውቃሉ፤ ነገር ግን በአዋጅ ቍጥር 760/2004 መሠረት የወሳኝ ኵነት ምዝገባ ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ፣ በተክሊልና በቅዱስ ቍርባን የተጋቡትም ቢሆኑ ከምዝገባው ጽሕፈት ቤት የጋብቻ የምስክር ወረቀት ሊያወጡ ይገባል። ከመንገዱ ርቀት የተነሣ በውክልና የሚጋቡም አሉ፤ በአሜሪካ ሕግ ግን አንዱ በሌለበት የተፈጸመ ጋብቻ፣ ከዚያ በኋላ በሩካቤ ካልጸና በቀር፣ ለቪዛ እንደ ጋብቻ አይቈጠርም።

አይ-864 የተባለው የስፖንሰር ሰነድ ከባልየው ይጠበቃል። ገቢው ከድኅነት መለኪያው 125 በመቶ መድረስ አለበት፤ ይህም በ2025 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ለሁለት ሰው ቤተ ሰብ 26 ሺህ 437 ዶላር ነበር። ካልደረሰ ሌላ ሰው ሊደርብለት ይችላል፤ ይሁን እንጂ የሚደርበው ወዳጅ ፊርማው በፍቺ እንኳ የማይሻር መሆኑን፣ ግዴታውም ሴቲቱ ዜጋ እስክትሆን ወይም አሥር ዓመት ያህል የሚቈጠር የሥራ ዘመን እስኪሞላ ድረስ የሚጸና መሆኑን አስቀድሞ እንዲነገረው ማድረግ የክርስቲያን ወግ ነው።

ከወንጀል ነፃ የሚያሰኘው ማስረጃ ከኢትዮጵያ ብቻ የሚጠየቅ አይምሰላችሁ፤ ከ16 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ 12 ወር ወይም ከዚያ በላይ የኖሩበት አገር ሁሉ ይቈጠራል። ከእኛ ወረዳ ወደ ዐረብ አገር ሄደው የሠሩ እኅቶች ብዙ ናቸውና ይህ ይመለከታቸዋል። ከእነርሱም አንዳንዶቹ በልጅነታቸው ሲሄዱ ደላላው ዕድሜያቸውን ጨምሮ ፓስፖርት ያወጣላቸው አሉ። እኅቴ፣ ያ በደል የተፈጸመው በአንቺ ላይ ነው፤ ዛሬ በሌላ ውሸት ብትሸፍኚው ግን የአንቺ ይሆናል። የነበረውን እንደ ነበረ ተናገሪ። የጤና ምርመራውንም ኤምባሲው ከመረጠው ሐኪም ቤት ቀደም ብሎ ማድረግ ያሻል፤ የደረት ራጁ የሳንባ ነቀርሳ ጥርጣሬ ካሳየ የአክታው ምርመራ እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳልና።

በቃለ መጠይቁ ዕለት አሻራ ይሰጣል፣ ቀኝ እጅን አንሥቶ መማል አለ፣ ከዚያ በኋላ በመስታወቱ ማዶ ያለው ሹም ይጠይቃል። በአማርኛ መመለስ ይቻላል። ጥያቄው ከኑሮ የሚወጣ ነው፦ የት ተዋወቃችሁ፣ ሽማግሌ ሆነው የመጡት እነማን ናቸው፣ ሚዜዎቹስ፣ ከማን ጋር ይኖራል፣ ምን ይሠራል፣ ቀድሞ አግብቶ ነበርን? የእኛን ሴቶች በዚህ ቦታ የሚጎዳቸው አለማወቅ ሳይሆን ጨዋነት ነው። «ባልሽ ምን ይሠራል?» ስትባል አንገቷን ደፍታ «ተመስገን፣ ደኅና ሥራ አለው» የምትል ሴት በአገሯ የተመሰገነች ናት፤ ለሹሙ ግን የባሏን ሥራ የማታውቅ ሆና ትታየዋለች። የባልን ደመወዝ መጠየቅ በእኛ ዘንድ እንደ ነውር ስለሚቈጠር ብዙዎች አይጠይቁም። ጠይቂው፤ የሌሊት ፈረቃው በስንት ሰዓት እንደሚያልቅ፣ ቤቱን ከማን ጋር እንደሚጋራ፣ አውቶቡስ ይሳፈር ወይም መኪና ይንዳ ጠይቂው። የሠርጉንም ቀን «የሥላሴ ማግስት» ብለሽ አትተዪው፤ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን ጨምሪበት። የማታውቂውን «አላውቅም» በይ፤ ይህ ከፈጠራ መልስ እጅግ የተሻለ ነው።

ማስረጃውም እንዲሁ ዘመንን የሚያሳይ ይሁን። ከአንድ ቀን ሠርግ የተነሡ መቶ ፎቶግራፎች፣ በአራት ዓመት ውስጥ የተነሡ ሃያ ፎቶግራፎችን አያህሉም፤ ሽማግሌዎቹ የተቀመጡበት፣ የመልሱ ዕለት፣ አማት ከምራቷ ጋር ቡና የምትጠጣበት ፎቶግራፍ ከስቱዲዮው ይበልጣል። የሐዋላ ደረሰኞች፣ ባልየው የገባበትና የወጣበት የፓስፖርት ማኅተም፣ የስልክ ጥሪዎች መዝገብ በየዓመታቸው ተደርድረው ይቅረቡ።

ደላላ የሚሸጠውን የጥያቄና መልስ ወረቀት አትግዙ። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት የተጠና መልስ ሲመልሱ የሰማ ሹም እውነተኛውንም ይጠረጥራል። ይህ ጥርጣሬ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ዲቪ በደረሰው ሰው ስም በገንዘብ የሚፈጸመውን «የወረቀት ጋብቻ» ያልሰማ በመካከላችን የለም። አሜሪካ በ1986 ባወጣችው ሕግ እንዲህ ያለው ጋብቻ እስከ አምስት ዓመት እስራትና እስከ 250 ሺህ ዶላር መቀጫ ያስከትላል፤ በዚህ የተገኘ ሰው ደግሞ በኋላ በእውነት ቢያገባ እንኳ ማመልከቻው አይጸድቅለትም።

ከቃለ መጠይቁ በኋላ ተጨማሪ ሰነድ የሚጠይቅ ወረቀት ቢሰጥሽ በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም፤ በአንድ ዓመት ውስጥ የተጠየቀውን ማቅረብ ነው። ቪዛው ሲገኝም፣ ወደ አሜሪካ በምትገቢበት ቀን ጋብቻችሁ ሁለት ዓመት ያልሞላው ከሆነ፣ የሚሰጥሽ የሁለት ዓመት ካርድ ነው፤ ካርዱ ከሚያበቃበት ቀን በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ አንቺና ባልሽ በጋራ አይ-751 የተባለውን ማመልከቻ ማቅረብ አለባችሁ።

እንግዲህ እኅቴ ሆይ፣ ቀጠሮሽ ገና ሩቅ ቢሆንም፣ ዛሬ ማታ ባልሽ ከሥራ ሲወጣ በስልክ ጥሪውና ቅጹን ከመጀመሪያው መሥመር እስከ መጨረሻው አንብቢለት፤ አንቺ እንግሊዝኛውን የማታነቢ ከሆነ እርሱ ያንብብልሽ። ስሙን፣ ቀኑን፣ ዓመተ ምሕረቱን አንድ በአንድ አመሳክሩ።