ሰብሉ ሳይታጨድ ምርቱን ማስላት

የመኸር ምርት መጠን በእርግጠኝነት የሚታወቀው ሰብሉ ታጭዶ ከተወቃ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ ምርቱ ቢጎድል እህል ከውጭ ገዝቶ በጅቡቲ ወደብ በኩል ለማስገባት ወራት ስለሚፈጅ፣ ግምቱ ሰብሉ ገና በማሳ ላይ ሳለ መገኘት አለበት። ለዚህ ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተመው የውኃ ሚዛን ስሌት ነው። መሠረቱም ቁስ አካል አይፈጠርም፣ አይጠፋም የሚለው ሕግ ነው።

አፈሩን እንደ ጋን እንቁጠረው። ዝናብ ይሞላዋል፤ ተክሉ በሥሩ እየሳበ በቅጠሉ ያተነዋል፤ ሞልቶ የተረፈው ይፈስሳል። ጋኑ የሚይዘው 60 ሚሊ ሜትር፣ ሰብሉ በየአሥር ቀኑ የሚሻው 50 ሚሊ ሜትር ይሁን። ሲጀመር ደረቅ የነበሩ ሁለት ማሳዎች በ30 ቀን ውስጥ እኩል 150 ሚሊ ሜትር ዝናብ አገኙ እንበል። በአንደኛው በየአሥር ቀኑ 50 ስለዘነበ ምንም አልጎደለበትም። በሁለተኛው ግን ዝናቡ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ወረደ፦ 50ውን ተክሉ ተጠቀመበት፣ 60ው በአፈሩ ቀረ፣ 40ው ፈሰሰ። በሁለተኛው አሥር ቀን 50 ተወስዶ 10 ይቀራል፤ በሦስተኛው ይህ 10 ብቻ ስላለ 40 ይጎድላል። ተክሉ ከሚሻው 150 ያገኘው 110፣ ማለትም 73 በመቶውን ነው። ገበሬው «ዝናቡ ቀድሞ ወጣ» ሲል የሚናገረው ይህንኑ ነው። ስሌቱ ከዘር እስከ መድረሻ ተሠርቶ አኃዙ ከ50 በታች ከወረደ፣ ሰብሉ እንደከሸፈ ይቆጠራል።

ታዲያ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ቆመን የነሐሴንና የመስከረምን ዝናብ ከየት እናመጣለን? እስከዚያ የተለካውን እንዳለ ወስደን፣ ቀሪውን ካለፉት 30 ዓመታት መዝገብ በየተራ እንተካለን። ሠላሳ ስሌት ሠላሳ ውጤት ይሰጣል፤ ስለዚህ ትንበያው የዕድል ሥርጭት እንጂ አንድ ቁጥር አይደለም። አንድ ቁጥር ብቻ የሚሰጥን ትንበያ እኔ በጥርጣሬ አየዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 እንደሆነው ኤልኒኞ ሲከሰት የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ የክረምት ዝናብ የመቀነስ ዝንባሌ ስላለው፣ ለቀደሙት የኤልኒኞ ዓመታት የበለጠ ክብደት መስጠት ይቻላል።

ሴሬስ የተባለው የበቆሎ ሞዴል ሙቀትን፣ የፀሐይ ጨረርንና የአፈር ናይትሮጅንን ጨምሮ ዕድገትን በየዕለቱ ያሰላል። ነገር ግን የዝናብ መለኪያዎቻችን የሚበዙት በከተሞችና በዋና መንገዶች ዳር ነው፤ ክፍተቱን ሳተላይት ከደመና አናት ሙቀት በሚገኝ ግምት ይሞላዋል። ዝናቡ በትክክል ካልታወቀ የሞዴሉ መራቀቅ ብዙም አይረዳም።

የውኃ ሚዛኑ የሚያውቀው ደግሞ ውኃን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ የስንዴ ማሳዎች ላይ ቢጫ ዋግ በስፋት ሲዛመት፣ ለበሽታው የተመቸው ራሱ የዘመኑ እርጥበት ነበር።