በቀል ባለቤቱን ሲበላ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ አባቶቻችን። ውድ አንባቢዎች ሆይ፣ የተወጋው ሰው ባለመርሳቱ ምን እንደሚደርስበት «ስዊኒ ቶድ» የተባለው የሙዚቃ ቴያትር ያስተምረናል።

ታሪኩ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1846 ዓ.ም. በለንደን በአንድ ሳምንታዊ መጽሔት መውጣት ሲጀምር፣ ጠጕር ቆራጩ ለገንዘብ የሚገድል ወንበዴ ነበር። በ1973 ክሪስቶፈር ቦንድ የተባለው ደራሲ የተበደለ ሰው አደረገው። በ1979 ደግሞ ስቲቨን ሶንድሃይም ዜማ ሰጥቶት በኒው ዮርክ ታየ።

አንድ ዳኛ የጠጕር ቆራጩን ሚስት ተመኝቶ ባሏን በሐሰት ፈርዶ ወደ ሩቅ አገር አጋዘው። ሰውየው ከ15 ዓመት በኋላ ምላጩን ይዞ ተመለሰ። ዳኛው አንድ ጊዜ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ አመለጠው። ከዚያ ወዲያ ቍጣው በሰው ሁሉ ላይ ሆነ፤ ጠጕራቸውን ሊስተካከሉ የመጡትን ንጹሓን አረደ። በመጨረሻም ፊቷን ሳያስተውል አንዲት ለማኝ ገደለ። በእሳት ብርሃን ቢያያት፣ ሞታለች ብሎ ያለቀሰላት ሚስቱ ነበረች።

በዱርቤቴም ሆነ በቡሬ ገጠር ደም መላሽ ገዳዩን ሲያጣ ወንድሙን ይፈልጋል፤ ይህም የዚያው ምላጭ ሥራ ነው። «ዳኛው ራሱ በዳይ ሲሆን ተበዳይ ወዴት ይጩኽ?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ትክክል ነው። ስለዚህም በቀልን የሚያስቀረው ምክር ብቻ አይደለም፤ እውነተኛ ፍርድና በጊዜው ደርሶ ደም የሚያደርቅ ሽማግሌ ያስፈልጋል። እኛ ተማሪዎችም ነገ ዳኛ ወይም ሽማግሌ ስንሆን ይህን አንዘንጋ።