የደጋ ዝናብና የቆላ ጎርፍ

ክረምት ሲገባ ዝናቡን በደስታ እንቀበላለን፤ ያለ እርሱ ዘር አይበቅልምና። ነገር ግን ለብዙ ቀን ሳያባራ ሲዘንብ መሬቱ ውኃ ይጠግባል፤ ከዚያ በኋላ የሚወርደው ሁሉ ቁልቁል ይሮጣል።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የሆነውን እናስብ። ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ አጥለቀለቁት። የደቻቱ ወንዝም ከሐረርጌ ደጋዎች የወረደውን ውኃ ይዞ ሕዝቡ በተኛበት በሌሊት ድሬዳዋን መታ፤ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በደቡብ ደግሞ ኦሞ ከዳርቻው ወጥቶ ብዙ ሰውና ከብት ወሰደ። እንዲህ ባለ ጊዜ ድልድይ ይሰበራል፥ መንገድም ይዘጋል፤ እህል ከገበያ፥ ሕመምተኛም ከሐኪም ይለያል።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? ጎርፍ ጉዳቱ የሚታየው በቆላ ነው፤ መነሻው ግን እኛ የምናርሰው ዳገት ነው። ዛፉን ቆርጠን ተዳፋቱን ራቁቱን ብንተወው፥ በባልንጀራችን ቤት ላይ ውኃ እንለቃለን። ስለዚህ በበጋ እርከን እንሥራ፤ የመንገዱንም ቦይ ዝናብ ሳይመጣ እንጥረግ። ወንዝ ሲሞላ ልጆቻችንንም ሆነ ከብቶቻችንን አናሻግር፤ እስኪጎድል እንታገሥ። ከታች ያለውን ሰው ባናየውም ውኃችን ወደ እርሱ ይደርሳል።